ቲነርን የሚቋቋም ባክቴሪያ አለን?

ጥያቄ፦ የምሠራው በእንጨት ሥራ ቤት ነው። ቫርኒሽ የማቀጥነውም፣ ብሩሽ የማጥበውም፣ የእጄን ቀለም የማስለቅቀውም በቲነር ነው። ቲነር የነካው ተሕዋስ ሁሉ ይሞታል ብዬ አምን ነበር። በቅርቡ ግን ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች እንዲህ ያለውን መርዛማ ፈሳሽ እንደሚቋቋሙ ሰማሁ። እውነት ነው? ሙቀትና መርዝንስ ምን ያገናኛቸዋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነትነት አለው፤ የሰሙት ወሬ ግን ሁለት ታሪኮችን የቀላቀለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኢኖዌና ሆሪኮሺ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ግማሹ ቶሉዊን በሆነ ፈሳሽ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ቶሉዊን በብዙ የቲነር ዓይነቶች ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ሱዶሞናስ ፑቲዳ የተባለ ባክቴሪያ ሙቀት ወዳድ አይደለም፤ የሚስማማው 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው።

ቶሉዊን ከውሃ ስለሚቀል በብልቃጡ ውስጥ እንደ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟማው ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነው። የሚገድለውም ይኸው ጥቂቱ ነው፤ ምክንያቱም ከውሃው ይልቅ ቅባት ስለሚስበው የባክቴሪያው የህዋስ ሽፋን ውስጥ ይከማቻል፤ ሽፋኑም ይላላና በውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል። ቶሉዊንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ የሽፋኑን ቅባት አሲዶች ቅርጽ በመለወጥ ጠጋ ጠጋ ብለው እንዲደረደሩ ያደርጋል፤ አልፎ የገባውንም በሽፋኑ ላይ በተተከሉ ፓምፖች ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይገፋል።

የሙቀቱ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀትም እንደ ቶሉዊን ሽፋኑን ያላላል፣ ፕሮቲኖችንም ያፈታታል። ቶማስ ብሮክና ሃድሰን ፍሪዝ በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃዎች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1969 የገለጹት ቴርመስ አኳቲከስ የተባለው ባክቴሪያ በ70 ዲግሪ የሚመቸው፣ ሽፋኑና ፕሮቲኖቹ ይህን እንዲችሉ ሆነው ስለተሠሩ ነው። ለአንዱ ጠላት የተዘጋጀ አጥር ለሌላውም በከፊል ያገለግላል። በከፊል የምለው፣ ሙቀት የቻለ ሁሉ ቶሉዊንን ይችላል ማለት ስላልሆነ ነው። ከኮምፖስት የተገኘ ጂኦባሲለስ የተባለ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ አንድ ዝርያ ግን በ60 ዲግሪ ሙቀት 10 በመቶ አልኮል ይቋቋማል፤ ይህ ከጠንካራ ጠጅ አልኮል ጋር ይቀራረባል።

ለኢንዱስትሪ ግን ከባክቴሪያው ይልቅ ኢንዛይሙ፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲኑ፣ ሳይጠቅም አይቀርም። ቴርሞላይሲን የተባለው ኢንዛይም ባሲለስ ከተባለ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን፣ በስኳር አልባ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ ያለውን አስፓርታም ለማምረት ያገለግላል።

የእርስዎ የቲነር ጣሳ ውስጥስ? የትኛውም ባክቴሪያ ለመራባት ውሃ ያስፈልገዋልና ንጹሕ ቲነር መኖሪያ አይሆነውም። እጅዎን ግን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፤ ቲነር የነካው ቆዳ የሚነጣውና የሚሰነጣጠቀው የራሱ ቅባት ስለሚሟማ ነው።