ጥያቄና መልስ፦ በጾም የተተወ ትምባሆ በፋሲካ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ መምህር። አሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ከከንፈር ሥር የሚደረገውን ትምባሆ፣ ዲፕ የሚሉትን፣ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። አንዱ ቆርቆሮ ሁለት ቀን ነው የሚቆየኝ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ነው የምጀምረው። ሦስት ዓመት በተከታታይ በዐቢይ ጾም ተውኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ በፋሲካ ተመለስኩ። ባለፈው ተስዬ ስለቴን አፈረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነፍስ አባቴን እሸሻለሁ። ለመሆኑ ጾም ይሽራል? መቁረብስ እችላለሁ? የኒኮቲን ማስቲካስ በጾም ይፈቀዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ራስህ ነግረኸናል። 55 ቀን ትምባሆ ሳይነካ የቆየ ሰው የሥጋውን ሐራራ አልፎታል። ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ከደም ይወጣል። ራስ ምታቱ፣ ቁጣው፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ይቀላል። ስለዚህ በፋሲካ የመለሰህ ሰውነትህ አይደለም። ትምባሆውን ከሥጋና ከቅቤ ጋር አብረህ ስለጾምከው ነው። ሥጋና ቅቤ በትንሣኤ ይፈታሉ፤ አንተም ሳይታወቅህ የትምባሆውን መፍቻ ቀን ስትቆጥር ከረምክ። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ቆርቆሮውም አብሮ ተከፈተ።

ጥሉላት በራሱ ክፉ ስላልሆነ ጊዜ ጠብቀን እንመለስበታለን። ትምባሆ መመለሻ ቀን የለውም። ስለዚህ የምትተውበትን ቀን ከጾሙ መያዣ ጋር አታግጥመው። ሦስት አራት ሳምንት አስቀድመህ ጀምር። ጾሙ ሲገባ ክፉው ጊዜ አልፎልህ ይቆያል፤ ጾሙ ሲወጣም የሚፈታ ነገር አይኖርህም። በዚያ ላይ በሐራራው ሰሞን ውኃ መጠጣትና ቶሎ ቶሎ ጥቂት መቅመስ ያግዛል፤ እስከ 9 ሰዓት በምትጾምበት ጊዜ ይህ አይገኝም።

ጾም ይሽራል ወይ ላልከው፦ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ብሎ ይተረጉመዋል፤ ዓላማውም የሥጋ ፈቃድ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ይናገራል። ዲፕ ከንፈሩ ሥር ይዞ የሚጾም ሰው ሆዱን ከልክሎ ፈቃዱን አጠገበ። «ምራቁን እተፋዋለሁ፣ አልውጠውም» የሚለውም ክርክር አያዋጣም። ኒኮቲኑ የሚገባው በድድና በከንፈር ውስጠኛ ሥጋ በኩል ነው፤ ብትተፋውም ደምህ ውስጥ ገብቷል።

ስለቱን በተመለከተ፣ ሐራራ ባለበት ሰው ላይ ስለትና መሐላ ሲጨመር ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንተ ላይ የሆነው ነው። አንድ ቁንጥር ያፈርሰዋል፤ የፈረሰው ስለት ኀፍረት ይወልዳል፤ ኀፍረቱ ከነፍስ አባት ያሸሻል፤ የሚያየው የሌለ ሰው ደግሞ ቆርቆሮውን ይጨርሳል። አዲስ ስለት አትሳል። ሄደህ ተናዘዝ፣ ቀኖናህን ተቀበል፣ ስለቱንም ምን እንደምታደርገው እርሳቸው ይንገሩህ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጤስን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፏል፤ ፍርሃታችን የቆየ ነው ለማለት ያህል ነው። የዛሬው ነፍስ አባትህ መቀስ አልያዙም።

ጸሎት ሲያቅትህ እምነትህ ያለቀ አይምሰልህ። በሐራራ ጊዜ ሐሳብ አይሰበሰብም፤ ይህ የኒኮቲን መጉደል የታወቀ ምልክት ነው። አንዱ ማዕበል ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ያልፋል። መኪናው ቆሞ ከሆነ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልክ ስገድ፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ ሐራራን ያበርዳል። እሑድና በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለ ትራኩን ሁለት ሦስት ጊዜ በእግርህ ዙረው። እየነዳህ ከሆነ በአፍህ ብቻ ጸልይ፤ መቁጠሪያው ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሳትቀንስ ቁጠር፤ እያንዳንዱን ቁንጥር በስንት ሰዓትና የት እንዳደረግከው ጻፍ። ጭነት ስትጠብቅ፣ ከምግብ በኋላ፣ ስልክ ላይ ከተጨቃጨቅህ በኋላ ይበዛ ይሆናል። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ቁጥሩን በግማሽ፣ የቁንጥሩንም መጠን በግማሽ አውርድ። የጠዋቷን የመጀመሪያዋን በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት እየገፋህ አዘግያት፤ ከሁሉ የከበደችው እርሷ ናት። ከዚያ የ34 ሰዓቱን የሥራ ዕረፍት በምትወስድበት ቀን ጨርሰህ ተው። ከተቻለ አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን ጠይቅ፤ ሦስተኛው ቀን መሪ ላይ እንዳያገኝህ። ትምባሆውን የጀመርከው ለእንቅልፍ ስለነበር እንቅልፉ ዕዳውን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቁም፣ ተኛ።

መኪናውን አጽዳ። መቀመጫ ሥር ያለውን ቆርቆሮ፣ ከሁሉ በላይ ግን የምትተፋበትን የውኃ ጠርሙስ ከኩባያ መያዣው አውጣ፤ እዚያው ቦታ የቡና ቴርሞስ አስቀምጥ። የኋላ ኪሱ ላይ የቆርቆሮው ክብ ምልክት የወጣበትን ጂንስም አትልበስ፤ እጅህ ሳታዘው ወደዚያ ይሄዳል። ነዳጅ ስትቀዳ ማሽኑ ላይ ክፈል፤ ቆርቆሮው የተደረደረው ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ነው። «ለክፉ ቀን» ብለህ አንድ ቆርቆሮ አታስቀምጥ፤ ክፉ ቀን የሚሆነው እርሱ ያለበት ቀን ነው።

አፍህ ሥራ ይፈልጋል። መፋቂያ፣ የቀረፋ እንጨት፣ ከነቅርፊቱ የተቆላ ሱፍ፣ የገብስ ቆሎ በቂ ናቸው፤ ሁሉም የጾም ናቸው። ድድህ ከቆሰለ ቆሎውን ተወው። ጫት እንዳትተካበት። የኒኮቲን ከረጢቶቹ፣ ዚን የሚሏቸው፣ ትምባሆ ቅጠል የለባቸውም እንጂ ሱሱ ያው ነው። ቡናን በግማሽ ቀንስ የሚለው ምክር ግን ለሲጋራ አጫሾች ነው፤ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ የሚያደርገው ጭሱ ስለሆነ አንተን አይነካህም።

ስለ መድኃኒቱ፣ መጽሐፈ ሲራክ 38፥4 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ ይናገራል። በሳምንት ከሦስት ቆርቆሮ በላይ ለሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ በ21 ሚሊግራም የቆዳ ፕላስተር ይጀመራል፤ ከ6 ሳምንት በኋላ 14፣ ከ2 ሳምንት በኋላ 7፣ ከዚያም ይቆማል። ጠዋት ጠዋት ጸጉር በሌለበት ደረቅ ቆዳ ላይ ቦታ እየቀያየርክ ለጥፍ፤ ሌሊት ቅዠት ካመጣብህ ስትተኛ አንሣው። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ምላስህን ሲለበልብህ አቁመህ በጉንጭና በድድ መካከል አስቀምጠው፤ ሲጠፋ ደግመህ አኝክ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከመውሰድህ 15 ደቂቃ በፊትና በአፍህ ሳለ ቡናም ጭማቂም አትጠጣ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያደርጋል። በፍጥነት ያኘከ ሰው ኒኮቲኑን ይውጠዋል፤ ስቅታና ቃር ይይዘዋል፤ በባዶ ሆድማ የባሰ ነው። ጠዋት ከነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሚጀምር እንዳንተ ላለ ሰው 4 ሚሊግራሙ ይሆናል። ፕላስተርና ማስቲካ አብሮ ለመጠቀም ሐኪም አማክር፤ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለብህም ንገረው። የሚዋጥ ክኒን ሊያዝልህ ከሆነ የንግድ መንጃ ፈቃድ እንዳለህ አስቀድመህ አስታውቀው፤ አንዳንዱ ለሾፌርነት የሚያስፈልግህ የጤና ካርድ ላይ ጥያቄ ያስነሣል።

በጾም እንዴት? ፕላስተሩ አፍ ውስጥ ስለማይገባ እስከ 9 ሰዓት እርሱ ይበቃሃል፤ ማስቲካው ከ9 ሰዓት በኋላ ይሁን። «ኒኮቲኑ ያው ደም ውስጥ አይገባም ወይ?» ትል ይሆናል። ይገባል። ግን መጠኑ የተለካ፣ እየወረደ የሚሄድ፣ ማብቂያ ቀን ያለው ነው፤ ዲፑ ይህ የለውም። ይህንንም ለነፍስ አባትህ ነግረህ በፈቃዳቸው አድርገው።

መቁረብ ትችላለህ፤ መንገዱ ንስሓ ነው። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የምትቆርብ ከሆነ ከመቁረብ በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት የሚጀምረው ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። የመጨረሻዋ ማስቲካ ከዚያ በፊት ትለቅ፤ መፋቂያውም ቆሎውም ይቁም፤ ፕላስተሩ ይቆይ።

ከወደቅህ አንዱን ቁንጥር እንደ አንድ ቁንጥር ቁጠረው፤ ቆርቆሮውን ውኃ አፍስስበትና ጣለው፤ የት እንደሆነና ምን እንዳመጣው በዚያው ቀን ጻፍ። በአሜሪካ 1-800-784-8669 በነፃ የሚያማክሩ አሉ፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዳላቸው ጠይቅ።

ዛሬ ማታ ከመስታወት ፊት ቆመህ ከንፈርህን ገልብጥ። ትምባሆው በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ የተሸበሸበ ቆዳ ካየህ አትደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ትምባሆው ከተተወ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ቀይ ቦታ ወይም እብጠት ካለ ግን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ቀጠሮውንም እስክታቆም አታዘግየው።