ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ለምትሮጡ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ይበዛል። ዛሬ ሁሉንም እዚህ እንጨርሰው። እኔ አሰልጣኝም ሐኪምም አይደለሁም። ሱሉልታ የምኖር፣ ከ2003 ዓ.ም ወዲህ ይህን ሩጫ ብዙ ጊዜ የሮጥኩ ሰው ነኝ። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ።

ወንድማችሁ ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል። ሮጬ አላውቅም። ይደርሳል?

መልስ፦ ይደርሳል። በሳምንት ሦስት ቀን ውጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ይህን ለግማሽ ሰዓት ደጋግመው። ከዚያ በየሳምንቱ ሶምሶማውን ጨምር፣ እርምጃውን ቀንስ። ከውድድሩ በፊት አንድ ቀን ተረጋግተህ 8 ኪሎ ሜትር ከሸፈንክ አስሩን ትጨርሳለህ። ፍጥነት አታስብ። እየሮጥክ ከጎንህ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። ይህቺን ያዛት፣ ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ።

እህታችሁ ከለገጣፎ፦ ፍጥነት እንዴት ነው የሚጨመረው?

መልስ፦ ከስንት ወደ ስንት? አሁን ስንት ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ትሮጫለሽ? እሱን ይዘሽ ተመለሺ።

ወንድማችሁ ከቡራዩ፦ መነሻው ላይ ሕዝቡ ይገፋል ይባላል። ከፊት ልቁም ከኋላ? እንዴትስ ልጀምር?

መልስ፦ ተባረክ። የዚህ ሩጫ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም ሲጀመር ተሳታፊው 10,000 ነበር። አሁን ከ40,000 በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አንድ መንገድ ላይ አስበው። ከፊት ከቆምክ ከኋላህ ያለው ፈጣን ሰው እየገፋህ አብረኸው ትበርራለህ። ስለዚህ ከመሃል ወደ ኋላ ቁም። መነሻውን ለማለፍ ደቂቃዎች ሊወስድብህ ይችላል። ይውሰድ። ካለፍክም በኋላ ክፍተት ፍለጋ ግራና ቀኝ አትሹለክለክ፤ ጉልበትህ እዚያ ያልቃል።

የራሴን ልንገርህ። በ2003 መስቀል አደባባይ ቆሜያለሁ። ጭፈራው፣ ጡሩንባው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰው ሕዝብ። ሲለቀቅ ልቤ ከእግሬ ቀደመች። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨረስኩ። ልምምድ ላይ እኮ ከ6 ደቂቃ ወርጄ አላውቅም! ሦስተኛው ላይ ጎኔን ወጋኝ። ስድስተኛው ላይ ባቴ ድንጋይ ሆነ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ቆሜ ጉልበቴን ያዝኩ። በአጠገቤ ስልሳ የሚሆናቸው እናት አለፉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፣ እግራቸው እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል እኩል ይወርዳል። ዞር ብለው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልደረስኩባቸውም። በ74 ደቂቃ ገባሁ። በዓመቱ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ሆን ብዬ በ6 ደቂቃ ከ40 ሮጥኩ፣ በ62 ደቂቃ ገባሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስትበርር ጡንቻህ የሚፈልገው ኦክስጅን ሳንባህ ከሚያቀርበው ይበልጣል። ዕዳ ትገባለህ። በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ያንን ዕዳ እየሮጡ መክፈል ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች «ኧረ ይሄ በጣም ቀርፋፋ ነው» እስክትል ድረስ ያዛቸው። ሰው ሁሉ ቢያልፍህም ይለፍህ። ሰባተኛው ላይ አንድ በአንድ ታገኛቸዋለህ።

ወንድማችሁ ከድሬዳዋ፦ ጋሼ፣ ለሩጫው ነው የምመጣው። አዲስ አበባ አየሩ ይከብዳል ወይ?

መልስ፦ ይከብዳል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ከቻልክ ሁለት ሳምንት ቀድመህ ና። ካልቻልክ ድሬ ላይ ከምትሮጥበት በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ዘግይተህ ሩጥ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃ አትርሳ። ፀሐዩም ቀዝቃዛ መስሎ ያቃጥላልና ኮፍያ ያዝ።

እዚህ ለምትኖሩ ግን ከፍታው ሀብታችሁ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ፣ ስንቱ ትንፋሽ ሲያጥረው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። ሱሉልታ ደግሞ ከ2,700 በላይ ነው። እዚህ ሜዳችን ላይ ተለማምዳችሁ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ወንድማችሁ ከሰበታ፦ የትኛው ብራንድ ጫማ ይሻላል?

መልስ፦ የሚመችህ። ቦንዳም ይሁን አዲስ፣ ከአውራ ጣትህ ፊት የአንድ ጣት ቦታ ይኑረው። ሶሉ ያለቀ አትግዛ። ለውድድር ቀን ብለህ አዲስ አታድርግ።

ወንድማችሁ ከሽሮ ሜዳ፦ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ሮም ላይ ያሸነፈው? ጫማ ለምን ያስፈልጋል?

እህታችሁ ከለገጣፎ፦ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ የባሰ ፈጣን ሰዓት አስመዝግቧል። ሮም 2:15፣ ቶኪዮ 2:12።

ወንድማችሁ ከሽሮ ሜዳ፦ እሱ በልምምድ የመጣ ነው እንጂ በጫማው አይደለም። ያውም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው የሮጠው።

ወንድማችሁ ከሰበታ፦ እኔ ስለ ጫማ ነበር የጠየቅኩት።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትሉት እውነት ነው። ግን አበበ እግሩን ለዓመታት አስለምዶታል። የአንተ እግር ከልጅነትህ ጀምሮ ካልሲ ውስጥ ነው የኖረው። አስፋልት ላይ የተሰበረ ጠርሙስ አለ። ጫማህን አድርግ።

እህታችሁ ከሆለታ፦ ጠዋት ምን ልብላ?

መልስ፦ የለመድሽውን፣ ትንሽ፣ ሩጫው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ። ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ በሶ።

ወንድማችሁ ከሱሉልታ፦ በሶ በማር ተበጥብጦ ነው የሚሻለው።

እህታችሁ ከሆለታ፦ በሶ እኮ በጨውና በበርበሬ ነው! እናቴ ጭብጦ አድርጋ ነው ያሳደገችን።

ወንድማችሁ ከሰበታ፦ በርበሬ እየሮጡ ሆድ ያቃጥላል።

እህታችሁ ከሆለታ፦ ያልለመደውን ነው የሚያቃጥለው።

ወንድማችሁ ከሽሮ ሜዳ፦ ስኳርስ?

መልስ፦ ስለ በሶ ይብቃን። ልምምድ ላይ በልታችሁት ሆዳችሁ የተቀበለውን ብሉ። በውድድር ቀን አዲስ ምግብ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ የለም። ሁለተኛ ጊዜ አላስረዳም።

የ61 ዓመት አባት ከሰንዳፋ፦ ልጄ፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። 10 ኪሎ ሜትሩ ይከብደኝ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን እኔ ልመልስልዎት አይገባም። መድኃኒቱን የሚያዝልዎትን ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩ፣ እባክዎ። ይቻላል ካልዎት ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ጋር ይምጡ። እኔ አብሬዎት እራመዳለሁ።

ወንድማችሁ ከገላን፦ መነሻ ላይ እንዴት ነው የምጀምረው?

መልስ፦ ለቡራዩ ልጅ በሰፊው ጽፌዋለሁ። አንብብ። ቀስ ብለህ።

እህታችሁ ከሱሉልታ፦ ጠዋት ከሥራ በፊት በጎጃም መንገድ ነው የምሮጠው፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ። ብቻዬን ነኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሳይነጋ አትውጪ። በዚያ ሰዓት ጅቡም አልገባም፣ የሲኖትራክ ሹፌርም አያይሽም። 12 ሰዓት ይሁንልሽ፣ ሥራ ካልፈቀደ ማታ ሳይጨልም። በግራ ጠርዝ ሩጪ፣ መኪናው ፊት ለፊትሽ እንዲመጣ። ጆሮሽ ላይ ምንም አትሰኪ። ነጣ ያለ ልብስ ልበሺ። ውሻ ከመጣብሽ መሮጥ አቁሚ፣ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ሁኚ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ ቀስ ብለሽ እለፊ። ሰፈርሽ ውስጥ አንድ ሰው ፈልጊ፣ ሁለት መሆን ብዙ ነገር ይለውጣል። ኅዳር ውርጭ አለ፣ እጅሽን ሸፍኚ። በድጋሚ፣ ግራ ጠርዝ። ለሁላችሁም ነው።

ወንድማችሁ ከፉሪ፦ ቁልቁለት ላይ እግሬን ለቅቄ ልሩጥ?

መልስ፦ አይሆንም። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትህን ይይዛል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅትህ በሱ ነው። እርምጃህን አሳጥር፣ ተረከዝህን አስቀድመህ አትምታ።

እህታችሁ ከቡራዩ፦ መሃል ላይ ደክሞኝ ብራመድ ሰው ምን ይለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ ይልሻል እንጂ ምንም አይልሽም። ነጠላቸውን ያሰሩት እናት ለእኔ ያሉኝን ከላይ አንብበሻል። እንደውም አስቀድመሽ አቅጂው። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ አንድ ደቂቃ፣ ወደ ዳር ወጥተሽ፣ ሳይደክምሽ ተራመጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥ ሰው በዚህ ብዙ ጊዜ ከቆመው ቀድሞ ይገባል። አስሩ አሁን ከከበደሽ ደግሞ መጋቢት አካባቢ «ቅድሚያ ለሴቶች» አለ፣ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ መጀመር ጥሩ ነው።

ወንድማችሁ ከገላን፦ አንብቤዋለሁ ጋሼ። ግን በጣም ጥሩ ስሜት ከተሰማኝስ? መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብፈጥን?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ጥሩ ስሜት ይሰማዋል። እኔም ተሰምቶኝ ነበር። ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላለህ? ካልቻልክ ቀንስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እህታችሁ ከለገጣፎ፦ ተመለስኩ። 5 ኪሎ ሜትር በ32 ደቂቃ ነው የምሮጠው፣ ትንፋሼ እያጠረ። አስሩን በ60 ደቂቃ መግባት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! 32 ደቂቃ ማለት በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። 60 ደቂቃ ለመግባት ከዚያ ፈጥነሽ፣ በ6 ደቂቃ፣ እጥፉን ርቀት መሮጥ አለብሽ። ዘንድሮ አይሆንም። በ70 ውስጥ ግቢ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በ7 ደቂቃ ከ15። ቀጣዮቹን አራቱን በ6 ደቂቃ ከ55። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በ6 ደቂቃ ከ40። ድምሩ 69 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ይመጣል። ሦስቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ክንድሽ ላይ ጻፊ፣ በዚያ ጩኸት መሃል ጭንቅላት አይይዝም።

በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እግር ላይ ምን እንደሚመስል ሳያውቁት መያዝ አይቻልም። ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ሱሉልታ ሜዳው ላይ ነይ፣ ሰዓት ይዤ አብረን እንሮጠዋለን። የገላኑንም ልጅ ይዘሽው ነይ።