«ተልኳል» ማለት «ተቀብለናል» ማለት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ሳትይዙ ለምትከራከሩ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። የፍርድ ቤት ሰነድ በኢንተርኔት ይገባል ሲባል ኢሜይል እንደመላክ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ዘመዴ በዕዳ ተከሶ መልሱን አብረን አዘጋጀን። በመጨረሻው ቀን ማታ ጫንነው። ፖርታሉ (ሰነድ የሚገባበት ድረ ገጽ) «ተልኳል» አለን፤ እፎይ ብለን ተኛን። በሦስተኛው ቀን «አልተቀበልነውም» የሚል ኢሜይል መጣ። ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንስተናቸው ነበር፤ አንዱ ተገልብጧል፣ ሌላው አይነበብም። ቀነ ገደቡ ደግሞ አልፏል። ዳኛው ፊት ቀርቦ ተጨማሪ ጊዜ ለመነ። ተፈቀደለት፤ እስኪፈቀድለት ግን እንቅልፍ አልነበረንም።

በብዙ የስቴት ፍርድ ቤቶች የላካችሁትን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያየዋል፤ ካልተስማማው ይመልሰዋል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። በደንብ ስካን አድርጉ፣ ፒዲኤፍ ይሁን፣ መቀበሉን የሚገልጸውንም ኢሜይል አስቀምጡ። የስፓም ሳጥናችሁንም በየቀኑ እዩ።

ሰዓቱም ያሳስታል። በፌደራል ፍርድ ቤቶች ደንብ በኤሌክትሮኒክስ የማስገቢያው ቀን በመደበኛው የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ግን ፍርድ ቤቱ ባለበት አካባቢ ሰዓት። ሲያትል ተቀምጣችሁ ጉዳያችሁ ቨርጂኒያ ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አበቃ ማለት ነው። ቀድሞ የሚዘጋም አለ። ፊላዴልፊያ ያለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከጁላይ 2023 ጀምሮ ገደቡን ወደ ቀኑ 11 ሰዓት አምጥቶታል፤ በእነሱ አቆጣጠር 5 ሰዓት መሆኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የፓስወርድ ነገር ነው። ቋንቋ ስለሚቸግር ፎርም የሚሞላልን ሰው እንፈልጋለን። ይሄ ነውር የለውም። አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ሲከፍትላችሁ ግን እምቢ በሉ። የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሁሉ ለእሱ ይሄዳል፤ እሱ ስልክ ቢቀይር ቀጠሮ ያመልጣችኋል። በፌደራል ደንብ ደግሞ እናንተ ፈቅዳችሁ፣ በአካውንታችሁ፣ ስማችሁ በፊርማው ቦታ ተጽፎ የገባ ሰነድ እንደፈረማችሁት ይቆጠራል። ያላነበባችሁትን አታስልኩ። እህቴ፣ ወንድሜ፣ «ያውቅበታል» ብላችሁ አትተዉት፤ ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር አስተርጉሙት።

በፌደራል ፍርድ ቤት ጠበቃ የሌለው ሰው በኤሌክትሮኒክስ የሚያስገባው የዳኛው ትዕዛዝ ወይም የዚያ ፍርድ ቤት ደንብ ከፈቀደለት ብቻ ነው። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ደውሉና ጠይቁ።

የሚገባው ሰነድ ብዙውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሶሻል ሴኩሪቲና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የመጨረሻ 4 አሃዞች ብቻ፣ ከትውልድ ቀን ዓመቱ ብቻ፣ የሕፃን ስም በመነሻ ፊደላት ብቻ ይጻፍ። ይሄም የፌደራል ደንብ ነው። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ቀለም መደረብ አይበቃም፤ ከስሩ ያለው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። ቁጥሩን መጀመሪያውኑ አጥፉት።

የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያላችሁ፣ የአማርኛ ማስረጃ ከእንግሊዝኛ ትርጉምና ከተርጓሚው የተፈረመ ማረጋገጫ ጋር ነው የሚቀርበው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካለ ተርጓሚው የፈረንጁን አብሮ ይጻፍ። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ዕድሜያችሁን ሲያዛባ፣ ዳኛው የሚጠራጠረው እናንተን ነው።