ድድሽ ስለደማ መቦረሽ አታቁሚ

አብሽሪ እህቴ። ከኮምቦልቻ «ስቦርሽ ድዴ መድማት ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው፤ በጨው ውሃ ብጉመጠመጥም አልለቀቀኝም፤ የቱን መድኃኒት ልግዛ?» ብለሽ የጠየቅሽው ነገር እኔም ደሴ ላይ ያለፍኩበት ነው።

እኔ ደም ሳይ ፈርቼ ብሩሹን ተውኩት። ጠዋት ማታ በጨው ውሃ ብቻ መጉመጥመጥ ያዝኩ። ባሰብኝ። ከዚያ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቼ ዋጥኩ። ለጥቂት ቀን ሻል አለኝና ተመልሶ መጣ። በኋላ ያየችኝ የጥርስ ሐኪም «ጀሪካን አጥበሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ውሃ የቆየበት ጀሪካን ውስጡ ሙልጭልጭ ይላል አይደል? በውሃ ብቻ ብታለቀልቂው አይለቅም። ጠጠር ጨምረሽ መነቅነቅ አለብሽ። ጥርስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ራሳቸው በሠሩት ዝልግልግ ነገር ተሸፋፍነው አንድ ላይ ይኖራሉ። ባዮፊልም የሚባለው ይሄ ነው። ሌዊንሁክ የተባለ ሆላንዳዊ በ1683 እ.ኤ.አ. ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲርመሰመሱ አገኘ። በኮምጣጤ ተጉመጠመጠ፤ አሁንም በሕይወት አገኛቸው። ከአፉ አውጥቶ ኮምጣጤ ሲቀላቅልባቸው ግን ሞቱ። ኮምጣጤው ጥርስ ላይ የተጣበቀውን ዘልቆ አልገባም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያ የዋጥኩት ኪኒን ነው ትዝ ያለኝ።

ደሙ የብሩሹ ጥፋት አይደለም። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ ድድ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ሲነካ ይደማል። መቦረሽ ስታቆሚ ያ ዝልግልግ ነገር ይወፍራል። ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ ይደድርና ታርታር ይሆናል። ታርታርን ደግሞ ብሩሽ አይፈነቅለውም። የእኔ ከታችኛው የፊት ጥርሶቼ ጀርባ ተጋግሮ ነበር። የጥርስ እጥበት ተደረገልኝ። መጀመሪያ በጥርሶቼ መሃል ክፍተት ሳይ «ጥርሴን ፋቁት» ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ ታርታሩ ሞልቶት የነበረ ቦታ ነው። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ጠዘጠዘኝ፣ ከዚያ ተወኝ።

ሐይቅ ያለችው እናቴ እስከ ዛሬ በወይራ መፋቂያ ነው የምትፋቀው። ጫፉን በደንብ አኝካ አለስልሳ ስለምትጠቀም ፊት ለፊቱ ንጹሕ ነው። የሚቀረው የጥርስ መሃልና ጀርባው ነው። ለመሃሉ የጥርስ ክር፣ ለጀርባው ብሩሽ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኪኒን አትግዢ። ለስላሳ ብሩሽ ያዢና ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን ቀስ ብለሽ በቀን ሁለቴ ቦርሺ፤ እጥበቱንም አታቆዪው። ስኳር ካለብሽ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ስኳርና የድድ ሕመም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ጥርስሽ ከተነቃነቀ ወይም መግል ካየሽ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ።