ስለ ፍሮንትኤንድ መጪ ጊዜ ልትናገሪ ነው? ከአጎትሽ ስልክ ጀምሪ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ አራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነሽ። የተማሪዎች ክበብ ስለ ዌብ ፍሬምወርኮች (ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያግዙ ዝግጁ መሣሪያዎች) እና ስለ ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየው የገጹ ክፍል) መጪ ጊዜ የ20 ደቂቃ ገለጻ እንድታቀርቢ ጠይቆሻል። ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ በሆነው በሪአክት አንድ ዓመት ያህል ሠርተሻል፤ ሌላውን፣ ቩን፣ ነካ ነካ አድርገሻል። «ከእኔ የሚበልጥ ሰው ቢኖርስ? ሪአክት ይሻላል ቩ ብሎ ቢያፋጥጠኝስ? ኤአይ ሁሉን ሊጽፈው ነው እየተባለ የምን መጪ ጊዜ ነው የማወራው?» ብለሻል። ሰው ፊት ስትቆሚ ድምፅሽ እንደሚንቀጠቀጥም ነግረሽኛል። ከዚያ ደግሞ ይሄ ሁሉ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

ይጠቅማል። ግብዣውን ተቀበዪ። አሁን ስለ ምን እንደምታወሪ እንነጋገር።

ከደብዳቤሽ ግርጌ አንድ ነገር በቅንፍ ጥለሽ አልፈሻል። አጎትሽ ጅማ መርካቶ ቡና ይነግዳል። የዕለቱን ዋጋ ለደንበኞቹ የሚልክበት ገጽ በሪአክት ሠራሽለት። ላፕቶፕሽ ላይ ያምር ነበር። እሱ ስልኩ ላይ ሲከፍተው ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ስልኩን ወደ ጥላ አዙሮ አየው፣ በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገው፣ «ተበላሸ መሰለኝ» ብሎ ኪሱ ከተተው። አንቺ ሁለት ቀን ፈጅተሽ በተራ ኤችቲኤምኤል (ገጽ በሚጻፍበት መሠረታዊ ቋንቋ) እንደገና ሠራሽው፤ ወዲያው ተከፈተለት። «ግን ይሄ ቀላል ነገር ስለሆነ አይወራም» ብለሽ ዘጋሽው።

እህቴ፣ ገለጻሽ እኮ ይሄ ነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዳይደርስብሽ።

ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳሽ። የቴክኖሎጂን መጪ ጊዜ ልተንብይ ብሎ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ሪአክት ራሱ በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የጃቫስክሪፕት (ገጹን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ) ጉባኤ ላይ ሲቀርብ ብዙ ባለሙያ ፊቱን አጨፍግጎበት ነበር። ኤችቲኤምኤልን ከጃቫስክሪፕት ጋር መቀላቀሉ ነውር መሰላቸው። የተቃወሙት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ፤ ግን ነገ አይታወቅም። ጄይኩዌሪ የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ በ2006 ሲወጣ ብሮውዘሮች እርስ በርስ አይስማሙም ነበር፤ እሱ አስማማቸው። ዛሬ አብዛኛው ሥራው ብሮውዘሩ ውስጥ አለ። በ2010 የመጣው አንጉላር ጄኤስ የሚባል ፍሬምወርክ ስንቱ ሰው ሥራ የተቀጠረበት ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ጉግል ድጋፉን አቆመ። አንቺም ጠንቋይ አይደለሽም። «በ5 ዓመት ውስጥ እገሌ ያሸንፋል» ብለሽ ራስሽን አታስሪ።

የአጎትሽ ስልክ ግን ትንቢት አይደለም። ያየሽው ነገር ነው። ያየሽውን ስትናገሪ ድምፅሽም ቢንቀጠቀጥ ሰው ያምንሻል።

ታዲያ 20 ደቂቃውን በምን ትሞዪዋለሽ? ገጹ ለምን ነጭ ሆነ በሚለው። ይሄን ጥያቄ በደንብ ከመለስሽ ስለ ፍሬምወርክ ማወቅ የሚገባው አብዛኛው ነገር እዚያ ውስጥ አለ። አንቺ በሠራሽበት መንገድ ሪአክት ለስልኩ መጀመሪያ የሚልከው ባዶ ሊባል የሚችል ኤችቲኤምኤል ነው። አንድ ባዶ ሳጥንና ወደ ጃቫስክሪፕት ፋይል የሚያመለክት መስመር፣ በቃ። ስልኩ ያንን ፋይል ማውረድ አለበት። ካወረደ በኋላ ማንበብ፣ ከዚያ ማስኬድ አለበት። ዋጋውን ደግሞ ከሌላ ቦታ ጠይቆ ማምጣት አለበት። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የመጀመሪያው ፊደል የሚታየው። ያንቺ ላፕቶፕ ይሄን በቅጽበት ይጨርሰዋል፣ ምክንያቱም ፋይሉ እዚያው አለ፣ አንጎሉም (ፕሮሰሰሩ) ፈጣን ነው። የአጎትሽ ስልክ ግን ርካሽ ነው፣ ኔትወርኩም ገበያ መሃል ይንከረፈፋል። ሰዎች ሁልጊዜ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ይጥላሉ። ፕሮሰሰሩን ይረሱታል። ኔትወርኩ ቢስተካከል እንኳ ደካማ ስልክ ብዙ ጃቫስክሪፕት ሲሰጡት ይተነፍሳል። ይሄን ነጥብ ቀስ ብለሽ አስረጂ፤ አዳራሹ ውስጥ ላለው አብዛኛው ተማሪ አዲስ ነው ብዬ አስባለሁ።

አሳዪያቸውም። ክሮም ላይ የገንቢ መሣሪያዎቹን ከፍተሽ ኔትወርኩን አዘግዪው፣ ፕሮሰሰሩንም አዳክሚው። የድሮውንና የአሁኑን ገጽ ጎን ለጎን ክፈቺ። ዝም በዪ። ነጩ ገጽ እስኪሞላ አብረውሽ ይጠብቁ። ያ ዝምታ ከአሥር ስላይድ ይበልጣል። ከዚያ ቁጥር ስጪ፦ ጉግል የአንድ ገጽ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከታየ ጥሩ ይለዋል። ያንቺ ሁለቱ ገጾች ስንት ስንት እንደፈጁ ራስሽ ለኪና ጻፊው። የራስሽ ልክ ስለሆነ ማንም አይነጥቅሽም።

እንግዲህ «መጪ ጊዜ» የሚለው እዚህ ጋ በተፈጥሮው ይገባል። ፍሬምወርኮቹ ራሳቸው ይሄን ችግር እየፈቱ ነው የመጡት። በ2016 የወጣው ኔክስት ጄኤስ ገጹን ሰርቨር ላይ (ገጹን በሚልከው ኮምፒውተር ላይ) አዘጋጅቶ ይልካል። በዚያው ዓመት የወጣው ስቬልት ሥራውን ቀድሞ፣ ኮዱ ሲገነባ ይጨርሰዋል። አስትሮ ደግሞ ካልጠየቅሽው በስተቀር ጃቫስክሪፕት አይልክም። ሪአክትም ሰርቨር ላይ ብቻ የሚሠሩ ኮምፖነንቶችን (ገጹ የሚገጣጠምባቸውን ክፍሎች) አምጥቷል። ሁሉም በየመንገዱ ለስልኩ ሸክም ሊያቀልለት ነው የሚሞክረው። ይሄን ማለት ትንበያ አይደለም፣ አቅጣጫውን ማሳየት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሳየው ደስ ብሎኛል። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማውጣት ብትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ይፈልጋል። ግን የጃቫስክሪፕት የራሱ የቀን መጻፊያ፣ ቋንቋውን አማርኛ፣ አቆጣጠሩን የኢትዮጵያ አድርጊ ስትዪው መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያወጣልሻል። ምንም አልጫንሽም። ብሮውዘሩ ያውቀዋል። ይሄን አንድ መስመር መድረክ ላይ ጻፊና ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ አሳዪያቸው። «ፍሬምወርክ ከመጨመሬ በፊት ብሮውዘሩ ምን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅን ያን ጊዜ ሰው በዓይኑ ያየዋል።

ወደ ጥያቄዎቹ። «ሪአክት ይሻላል ቩ?» ሲሉሽ «ለምን ዓይነት ሥራ?» ብለሽ መልሺላቸው። ከዚያ የምታውቂውን ተናገሪ። ሥራ ፍለጋ ከሆነ፣ ሪአክት የሚጠይቅ ማስታወቂያ በብዛት ታያለሽ፤ ይሄን ሳትሸፍኚ ንገሪያቸው። የአጎትሽ ዓይነት ገጽ ከሆነ ግን ሁለቱም ላያስፈልጉ ይችላሉ። የማታውቂው ከመጣ «ይሄን አልሞከርኩትም» በዪና እለፊ። ከዓመታት በፊት እኔ ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ ገለጻ ሳደርግ 40 ስላይድ ይዤ ነበር። ሲያልቅ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እርስዎ ራስዎ ሠርተውበታል?» አለኝ። አልሠራሁበትም ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ፣ ልጁም ገባው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። አንቺ ለዚያ ጥያቄ መልስ አለሽ።

ስለ ኤአይ ብዙ አልልም። ኮምፖነንት በፍጥነት ይጽፋል፣ እውነት ነው፣ አንቺም ተጠቀሚበት። ግን አጎትሽ ስልኩን ኪሱ ሲከት አያይም። ምን መሠራት እንዳለበትና የተሠራው ለማን እንደማይሠራ የሚያየው ሰው ነው። ቅጥር ላይ የሚፈለገውም እየበዛ የሚሄደው ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ ካልሆነ አይከበርም ብለሽ አትጨነቂ። ዶርም ውስጥ ለጓደኛሽ በምታስረጂበት አማርኛ አስረጂ። ስቴት፣ ኮምፖነንት፣ ሬንደር የሚሉትን አትተርጉሚ፣ ሁሉም የሚላቸው እንደዚያው ነው። በአፋን ኦሮሞ የጠየቀሽ ካለና ቋንቋው ካለሽ በዚያው መልሺለት፣ ከዚያ ለሌሎቹ በአጭሩ አስረጂ። ጅማ ላይ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ይሄንኑ ታሪክ በ5 ደቂቃ እንግሊዝኛ አድርገሽ ለብቻ ተለማመጂ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለሠራሽው ነገር ንገሪን» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ መልሱ ዝግጁ ነው።

የድምፅ መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓረፍተ ነገሮች እንደ ስምሽ በቃልሽ ያዢ። «አጎቴ ቡና ነጋዴ ነው። ገጽ ሠራሁለት። አልተከፈተለትም። ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ ነው።» በቃ። ስምሽን፣ ዲፓርትመንትሽን፣ ይቅርታሽን አታስቀድሚ። በተለይ «ብዙም አላውቅም» አትበዪ። ቡና ሲፈላ እቤት ያሉትን ሰብስበሽ አንድ ጊዜ አውሪላቸው፤ ኮድ የማያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው ከተከተለሽ ተሳክቶልሻል። ሰዓት ይዘሽ ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥተሽ ተለማመጂ። በዓይን ማንበብ ልምምድ አይደለም።

ስለ ዕቃው፦ የአዳራሽ ፕሮጀክተር ደብዛዛ ሊሆን ስለሚችል ኮዱን ነጭ መደብ ላይ በጥቁር፣ ፊደሉን ትልቅ አድርገሽ አሳዪ። የኋላ ወንበር ላይ ራስሽ ሂጂና እዪው። ኔትወርክ ላይ አትመኪ፤ ሁለቱም ገጾች ላፕቶፕሽ ላይ ይሩጡ፣ የሚከፈቱበትንም ቪዲዮ ቀድመሽ ቅጂ። መብራት ቢሄድ ስልክሽ ላይ ያለውን ይዘሽ ወደ ሰው ተጠጊና ቀጥዪ።

ከገለጻው በኋላ ሁለቱንም ኮድ ጊትሀብ ላይ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) አድርጊ፣ የለካሽውንም ጊዜ አብረሽ ጻፊ። ሲቪሽ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ በስንት ወር የት እንደተናገርሽ፣ ስለ ምን፣ ከነማያያዣው። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዢው። አስቸጋሪ ጥያቄ የጠየቀሽንም ሰው ቴሌግራሙን ተቀበዪው፤ ቀጣዩን ሥራ አብረሽው ልትሠሪ ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን ነገ ጠዋት አድርጊ። መርካቶ ሂጂና አጎትሽን አስፈቅጂ። ዋጋውና ደንበኞቹ የእሱ ናቸው፤ ማሳየት የማይፈልገው ቁጥር ካለ በሌላ ቀይሪው። እሺ ካለሽ ስልኩን ለዚያ ቀን ተዋሺው። ጊዜ ካለው ራሱም ይምጣ፣ ከፊት ወንበር ያዢለት።