የቱን ዓመት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ በዊኪፔዲያ ስለ አንድ ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። በእጄ ያለው ቅጂ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ሦስት ዓመታት ሰፍረውበታል። የመጻሕፍት መሸጫ ድረ ገጽ ደግሞ አራተኛ ዓመት ይሰጣል፤ አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩም ከእኔው ጋር አይገጥምም። የቱን ልመን?

መልስ፦ በእጅዎ ያለውን ይመኑ። የሻጮች ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አሁን በገበያ ላይ ያለውን እትም ነው፤ መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት ከዚያ መቅዳት ደራሲውን መበደል ነው እላለሁ። ከሦስቱ ዓመታት «የመጀመሪያ እትም» ከሚለው ጎን ያለው የመጽሐፉ የኅትመት ዓመት ነው። «ሁለተኛ እትም» ከተባለ ይዘቱ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላልና ለብቻው ይጥቀሱት። «በድጋሚ ታተመ» ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ጽሑፍ ነው።

የቁጥሩ ልዩነት አያስጨንቅዎ። ጠንካራ ሽፋን፣ ስስ ሽፋንና ኤሌክትሮኒክ ቅጂ የየራሳቸው አይኤስቢኤን አላቸው። ከ2007 እ.ኤ.አ. በፊት ደግሞ ቁጥሩ ባለ 10 አሃዝ ነበር፤ አሁን 13 ነው። ባለ 13 አሃዙን በወረቀት መፈተሽ ይቻላል፦ ከግራ ጀምረው አሃዞቹን አንዴ በ1፣ አንዴ በ3 እያፈራረቁ ያባዙና ይደምሩ። ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። ይህን ሥራ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የገጽ ቁጥርን ነው። ከሁለተኛው እትም ገጽ 84ን ጠቅሰው በማጣቀሻው የመጀመሪያውን እትም ዓመት ከጻፉ፣ ሊያረጋግጥ የሚሻ አንባቢ ጥቅሱን በዚያ ገጽ ላያገኘው ይችላል። ያነበቡትን እትም ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከጎኑ ያክሉ።