ቴስታታ ከተሠራ በኋላ ጠቅ ጠቅ ለሚል ሞተር፦ ለወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭኖ ጅማ የሚደርስ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። እዚያ ዳገት ላይ ውሃ ያነሰው ሞተር ይግላል፤ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን ይበላል፤ የሲሊንደሮቹ ክዳን የሆነው ቴስታታው ይጣመማል። ስለዚህ ቴስታታ ማውረድ ለእናንተ ብርቅ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከማሽን ቤት ተመልሶ ከታሰረ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ነው።

ሞተሩ ይነሳል፤ ከላይ ግን ጠቅ ጠቅ ይላል። ብዙ ልጅ ወዲያው ቫልቩን ተጭኖ የሚከፍተውን ክንድ፣ የሮከሩን ማስተካከያ ብሎን ጠበቅ አድርጎ ድምፁን ያጠፋል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቫልቭ ሲግል ይረዝማል። በጫፉና በሮከሩ መካከል ክፍተት ካጣ አጥብቆ አይዘጋም። ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስለሆነ፣ ካላረፈ ይቃጠላል። እኔን ከሚጮኸው ቫልቭ ይልቅ ዝም ያለው ያስፈራኛል።

የኢሱዙን ፎር ጄቢ ዋን (4JB1) ሞተር እንውሰድ። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ሮከሩን ከሥር የሚገፋው ቀጭን ዘንግ ፑሽ ሮድ ነው። የቴስታታው ፊት ሲላግ ሮከሮቹ በሙሉ ወደ ብሎኩ ይወርዳሉ፤ ፑሽ ሮዱ ግን ያው ርዝመቱ ነው። የቫልቭ መቀመጫ ሲቆረጥ ደግሞ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ጫፉ ከላይ ከፍ ይላል። በሁለቱም ክፍተት ይጠባል፤ ብሎኑን መልሶ ማላላት ግድ ይሆናል።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሬጅስትሮውን፣ ማለትም የቫልቭ ክፍተት ማስተካከሉን፣ በትክክል ጨርሱ፤ ለዚህ ሞተር ቀዝቅዞ 0.40 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ብሎኖቹን በጎን ተመልከቱ። ሁሉም ከዳዶው በላይ በእኩል ወጣ ካሉ፣ ምክንያቱ የተላገው ፊት ነው። አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ በልጦ ከቆመ፣ የዚያ ቫልቭ መቀመጫ ከልክ በላይ ተቆርጧል። ቫልቩ ከሌላ ሞተር የመጣ ረዥም ሊሆንም ይችላል።

ሬጅስትሮው ልክ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋስ? ሮከሩን አውጡና ቫልቩን የሚነካበትን ፊት ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጎድጎድ ካለ ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት፣ ፊለር ጌጁ፣ ከጉድጓዱ በላይ ተንሳፍፎ ነው የለካችሁት፤ እውነተኛው ክፍተት የበለጠ ሰፊ ነው። ፑሽ ሮዱንም መስታወት ላይ አንከባሉት፤ የታጠፈ ይዘላል።

ቀጥሎ የቫልቩን ጫፍ በማርከር ቀቡ። ሮከሩን መልሳችሁ እሰሩ፤ ክፍተቱን አስተካክሉ። ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ፈትታችሁ እዩ። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ መሃል አካባቢ ጠበብ ያለ መስመር ከሆነ ደግ ነው። ወደ ጠርዝ ከሸሸ ሮከሩ ቫልቩን ወደ ጎን እየገፋ ነው። ያ ግፊት ቫልቩ የሚመላለስበትን ቱቦ፣ ጋይዱን ይበላል፤ ኋላ ዘይት ማጨስ ይመጣል። ይህን ማንም ብሎን አያስተካክለውም፤ የቫልቩ ቁመት መስተካከል አለበት። ጫፉን መሞረድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጠንካራው ሽፋን ስስ ስለሆነ ብዙ አይቻልም። መቀመጫው ብዙ ከወረደ አዲስ መቀመጫ ይግባበት።

ላንድክሩዘር ላይ ያለው ዋን ኤችዜድ (1HZ) ሞተር ካምሻፍቱ ከላይ ስለሆነ ፑሽ ሮድ የለውም። ክፍተቱ ውፍረቱ በሚለያይ ቁራጭ ብረት፣ በሽም ነው የሚስተካከለው፤ ቀዝቅዞ ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ማስወጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር። መቀመጫ ከተቆረጠ ቀጭን ሽም ይፈልጋል።

የቫልቩን ሞላም አትርሱ። ቫልቩ በሰመጠ ቁጥር ሞላው ይላላል፤ ከሥሩ ተስማሚ ማካካሻ ቀለበት ይገባል።

ቴስታታ ወደ ማሽን ቤት ከመላካችሁ በፊት ውፍረቱንና የእያንዳንዱን ቫልቭ ጫፍ ቁመት ለክታችሁ ጻፉ፤ ሲመለስም ድገሙት። ውፍረቱ ከአምራቹ ገደብ በታች ከወረደ ሳታስሩት ለባለቤቱ ንገሩ፤ ሌላ ቴስታታ ይፈልግ።